ኦክላንድ ላይ የተቆጠረው ልጅ

ከአሜሪካ ተመልሼ ሥራ የገባሁ ዕለት የማዋለጃ ክፍል ባልደረቦቼ ከበቡኝና ያንን ትልቁን ቀይ ድልድይ አየሽው ወይ አሉኝ። አላየሁትም። በዘጠኝ ቀን ያየሁት አንድ ክሊኒክ፣ ብዙ ባቡር፣ ቀኑን ሙሉ ሰው የማይገባበት አንድ ቤትና ማርሊን የምትባል አንዲት ሴት ነው። ድልድዩን የፈለገ ሥዕሉ በየሻይ ቤቱ ግድግዳ ላይ አለለት። እኔ የምጽፈው ያንን መንገድ ለማይሄዱት፣ በተለይም እንደ እኔ እርጉዝ ሲመዝኑ ለሚውሉት ነው።

ግብዣውን የላከችልኝ ከሁለት ዓመት በፊት ደብረ ማርቆስ ሆስፒታላችን መጥታ አንድ ወር ያስተማረችን ሐኪም ናት። ኦክላንድ በሚባል ከተማ የአገሩ ነባር ሕዝቦች፣ እኛ በልጅነታችን ቀይ ሕንዶች እያልን በፊልም የምናያቸው፣ የሚታከሙበት ክሊኒክ አለ። ሴቶቻቸው ሲያረግዙ ስኳር አብዝቶ ይይዛቸዋል። ክሊኒኩ እንዴት እንደሚከታተላቸው አንድ ሳምንት አይተሽ ተመለሺ ተባልኩ። እኔ አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ ራሴም ስኳር ካለብኝ ስምንት ዓመቴ ነው። ባልደረቦቼ "ለበሽተኛም ቪዛ ይሰጣል እንዴ?" እያሉ ሲያሾፉብኝ ሰነበቱ።

ቅዳሜ። ወሩ ሐምሌ ነው። ዝናቡ ሲወርድ አድሮ መናኸሪያው ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ልጄ ሐና ልትሸኘኝ መጣች። ሐና አስተማሪ ናት፤ የሰባት ወር እርጉዝ፣ የመጀመሪያዋ። አውቶቡሱ እስኪሞላ አንድ ሊትር ውሃ ጨረሰች፤ ሁለት ጊዜም ሽንት ቤት ፍለጋ ሄደች። ቆሎ የምትሸጠው ሴት ሆዷን አየችና "ይኼስ ደንዳና ወንድ ነው፣ እሰይ" አለቻት። ሐና ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ውሃ ጥምና ከወሩ የገፋ ሆድ ምን እንደሚያመለክት በየሳምንቱ ለሌሎች የማስተምር ሰው ነኝ።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ በባዶ ሆድሽ መጥተሽ ደም ተመርመሪ ብላ ጽፋላት ነበር። ሐና ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከከተተችው ሦስት ሳምንት አልፏል።

"ብትመረመሪ ምን አለበት?" አልኳት፣ እንዲሁ ለአፌ ያህል።

"እማዬ፣ አንቺ እኔን ምንም ሳትሆኚ አይደል የወለድሽኝ? የአንቺ ስኳር እኮ በዕድሜ የመጣ ነው። ነው ወይስ ያኔም የሆነ ነገር ነበረብሽ?"

"ኧረ ምንም አልነበረብኝም" አልኳት።

ውሸቴን ነው። ከሐና ሁለት ዓመት በፊት፣ ቡሬ አካባቢ ጀማሪ ነርስ ሳለሁ፣ ወንድ ልጅ ወልጃለሁ። አራት ኪሎ ተኩል ነበር። ሞቶ ነው የተወለደው። ክርስትና ያልተነሣ ሕፃን ፍትሐት የለውም፤ ድንኳን አይጣልለትም፤ ለቅሶ የሚደርስም የለም። ከጓሮ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ቀበሩት። ሴቶቹ ፀጉሬን እየሠሩልኝ "እንደሌለ ቁጠሪው፣ ገና ልጅ ነሽ" አሉኝ። እኔም እንደሌለ ቆጠርኩት። ባሌም እናቴም ይህንኑ ይዘው ሞቱ። ሐናን ከሰው ሳስተዋውቅ "የመጀመሪያም የመጨረሻም ልጄ" ነው የምለው፤ ሃያ አራት ዓመት ሙሉ እንዲሁ አልኩ።

አውቶቡሱ ሲነቃነቅ በመስኮት አየኋት። በአንድ እጇ ጃንጥላ፣ በሌላው ባዶ የውሃ ጠርሙስ ይዛ ቆማለች። እስከ ዓባይ በረሃ ድረስ ያ ጠርሙስ ከዓይኔ አልጠፋም።

እሑድ። የአውሮፕላኑን ነገር አላስረዝመውም። እግሬ አበጠ፤ ጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ከመነሻ እስከ መድረሻ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ከማርቆስ አዲስ አበባ ስመጣ አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ ግን ዓባይን ሳንሻገር የልጇን ፍቺ ከነምክንያቱ ጨርሳልኛለች። በሰው መሃል ተቀምጦ ብቻ መሆን እንዲህ መሆኑን ያወቅሁት በዚያ በረራ ነው።

የተቀበሉኝ እትዬ ጽጌ ናቸው፤ የእናቴ አክስት ልጅ። በሱዳን በኩል በስደት ገብተው ሳን ሆዜ ከኖሩ ሠላሳ ምናምን ዓመታቸው ነው። አረጋውያን መጦሪያ ይሠራሉ። ባለቤታቸው ዐርፈዋል፤ ልጃቸው ሌላ ስቴት ናት። በሰፊው መንገድ ስንከንፍ ግራ ቀኙን አየሁ፤ ሐምሌ ላይ ተራራው ሁሉ ደርቆ የአውድማ ገለባ መስሏል። የእኛ አገር ተራራ በዚህ ወር የሚያዳልጥ አረንጓዴ ነው።

"የሺዬ፣ ነገ ደብል ሺፍት ነኝ" አሉኝ መሪውን እንደያዙ። "ፍሪጁ ላይ ኖት እተውልሻለሁ። ምሳሽን ማይክሮዌቭ ብቻ አድርጊው። ስትወጪ ደግሞ በሩን ሎክ ማድረግ እንዳትረሺ።"

"እርስዎ መቼ ይተኛሉ ታዲያ?"

"እንቅልፉማ ኦፍ ስሆን ነው።"

ሰኞ። ማለዳ ባቡር ጣቢያ አድርሰውኝ ወደ ሥራ በረሩ። ባቡሩ ባርት ይባላል። የምወርድበትን ጣቢያ ስም በመዳፌ ላይ በእስክሪብቶ ጽፌያለሁ። የእኛ ሌሊት የእነሱ ቀን ነውና እንቅልፍ አሸነፈኝ፤ ስነቃ ባቡሩ ከባሕሩ ሥር አልፎ ሳን ፍራንሲስኮ ገብቷል። የአገሬ ታክሲ ረዳት ቢሆን ትከሻዬን ነቅንቆ "እናት፣ ወራጅ አልነበርሽም?" ይለኝ ነበር። ተመልሼ ክሊኒኩ የደረስኩት አንድ ሰዓት ከሩብ አርፍጄ ነው። ማንም አልተቆጣኝም፤ ማንም የት ጠፋሽ ብሎም አልጠየቀኝ።

ምሳ ሰዓት ላይ ሠራተኞቹ የካርቶን ሳጥን ከፍተው ምግብ አወጡ። አንዷ "ትበያለሽ?" አለችኝ። "በልቻለሁ፣ አመሰግናለሁ" አልኩ። ከማለዳ ጀምሮ ክኒኔን እንጂ እህል አልቀመስኩም። ግን የትኛዋ የጎጃም ሴት ናት በማታውቀው ቤት መጀመሪያ ሲሏት እሺ የምትል? እኛ ዘንድ "በልቻለሁ" ማለት ትንሽ ለምኑኝ ማለት ነው። ልጅቷ "ኦኬ" ብላ ሳጥኑን ዘጋችው። ሁለተኛ ዙር አለ ብዬ ጠበቅሁ። የለም።

ያ ክኒን ያለ ምግብ አይሆንም። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ላብ አሰመጠኝ፣ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ የግድግዳው ሰዓት ሁለት ሆኖ ታየኝ። ስኳሬ ወርዷል። ለሌላው ሰው ቢሆን ሮጬ ማር አቀምስ ነበር፤ ለራሴ ግን ወንበሩን ጥርቅም አድርጌ ይዤ ማንም እንዳያየኝ ጸለይኩ።

ያየችኝ ማርሊን ናት። ስድሳውን ያለፈች፣ ሽበቷን በአንድ ረጅም ጉንጉን ወደ ኋላ የጣለች ሴት። ሥራዋ እንደ እኛ አገር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቤት ለቤት እየዞሩ እርጉዞችን መከታተል ነው። የብርቱካን ጭማቂ አጠጣችኝ፤ መንቀጥቀጡ እስኪተወኝ አጠገቤ ተቀመጠች። ከዚያ ሳትጠይቀኝ አንድ ሳህን ሞልታ አመጣችና ፊቴ አኖረችው።

"እኛ ቤት እንግዳ አይጠየቅም፤ ይቀርብለታል። እነዚህ ልጆች የሚጠይቁት ትምህርት ቤት እንደዚያ ስላስተማሯቸው ነው" አለችኝ።

በላሁ። ሳህኑን ስጨርስ ስኳሩ መቼ እንደያዘኝ፣ እናቴም እንደነበረባት ጠየቀችኝ። ቀጥላም "ስንት ተሸክመሻል?" አለች። ስንት ልጅ አለሽ አላለችም፤ ስንት በሆድሽ ተሸክመሻል ነው ያለችው። ይህ የሙያዬ ጥያቄ ነው። በካርድ ላይ አንደኛው ሳጥን ያረገዘችው፣ ሁለተኛው በሕይወት ያለው ነው፤ በሺህ ለሚቆጠሩ ሴቶች ሞልቼዋለሁ።

"አንድ" አልኩ።

ማርሊን ለአፍታ አየችኝና "እሺ" ብላ ሳህኑን አነሳች።

ማክሰኞ። ክሊኒክ ውዬ አመሻሽ ላይ ባዶው ቤት ገባሁ። ፍሪጁ ላይ የእትዬ ጽጌ ወረቀት ተለጥፏል፦ "የሺዬ፣ ምስር ወጡ በሰማያዊው ዕቃ ነው። ስኳር እንዳለብሽ ስለማውቅ እንጀራውን ጥቁር ጤፍ አስገዝቼልሻለሁ። ብቻሽን ስለተውኩሽ ይቅርታ።" ሰው በዚያ ድካም ላይ ተቀምጦ ይህን ይጽፋል። ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፤ አሁንም አለኝ።

የበላሁት ቆሜ ነው፣ ማቀዝቀዣው እየዘመረ። በመስኮት አሻግሬ ብመለከት በየቤቱ መብራት አለ፤ ሰው ግን አይታይም፤ የጎረቤት በር ሲከፈት እንኳ አይሰማም። ማርቆስ ቢሆን ከመንገድ ገባች ተብሎ ሦስት ሰው መጥቶብኝ፣ እኔም ምነው በተዉኝ ብዬ እነጫነጭ ነበር። በዚያች ምሽት አንድ ነጭናጫ የሚያደርገኝ ሰው ባገኝ ምንኛ ደስ ባለኝ።

ሐና ከትምህርት ቤት ጓደኞቿ ጋር የተነሳችውን ፎቶ ልካ ድምፅም ጨምራበት ነበር። "ደህና ነኝ እማዬ። ውሃ ጥሙ ብቻ በዛብኝ፣ ሙቀቱ ነው መሰለኝ።" ደብረ ማርቆስ ሐምሌ ላይ ሙቀት የለም። ሰው በሁለት ሹራብ ነው የሚተኛው። ልመልስላት ስልኩን አነሳሁና "እሺ፣ ተጠንቀቂ" ብዬ ላክሁ። አፈርኩ፤ ከራሴ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ መቀመጥ አስጠላኝ።

ረቡዕ። ማርሊን በአሮጌ መኪናዋ ይዛኝ ወጣች። ሼሪ የምትባል እርጉዝ ሁለት ቀጠሮ ቀርታለች፤ እሷን ፍለጋ ነው። በመንገድ ላይ የራሷን ቤተሰብ ነገር አጫወተችኝ። እናቷ አሪዞና፣ በአያቶቿ መሬት ላይ የተወለደች ናት። ሥራ አለ፣ ቤት አለ ተብላ በመንግሥት አውቶቡስ ኦክላንድ መጣች። አውቶቡሱ ከተማ ላይ አወረዳትና ሄደ። ቋንቋዋን የሚያውቅ ጎረቤት አልነበራትም።

"በአገራችሁ ስደተኛ ሆናችሁ ማለት ነው" አልኳት በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ።

"እንደዚያ ነው" አለች።

ስለ ምግቡም ነገረችኝ። መሬታቸውን ሲያጡ መንግሥት ዱቄት፣ ስኳርና በጣሳ የታሸገ ቅባት ያድላቸው ነበር። ሴቶቹ በዚያው በዕደላው ዱቄት የሚጠበስ ቂጣ ፈጠሩ፤ ልጅ የሚያድግበት፣ እንግዳ የሚቀበሉበት፣ ለቅሶ ላይ የሚቀርብ ምግብ ሆነ። እኔ የእርዳታ ስንዴና የዘይት ጣሳ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። በድርቁ ጊዜ እናቴ ጣሳውን ውሃ መቅጃ፣ ጆንያውን አንሶላ አድርጋው ነበር። ይህን ስነግራት ማርሊን ከት ብላ ሳቀች፤ እኛም ጆንያውን ቀሚስ አድርገን ለብሰነዋል አለችኝ። በዚያ አገር ላይ ከሰው ጋር አብሬ የሳቅሁት የመጀመሪያዬ ነበር።

ሼሪ የምትኖረው ከአውራ ጎዳናው ሥር ባለ የኪራይ ቤት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። የታዘዘላት ኢንሱሊን ማቀዝቀዣው ውስጥ እንደታሸገ ተቀምጧል።

"መጥቼ ምን ልሁን?" አለች። "ቂጣሽን ተዪ ሊሉኝ? አያቴ የሠራችልኝን ቂጣ እንደ መርዝ እያዩ ሊነግሩኝ?"

እኔ ብሆን ወዲያው ስለ ኢንሱሊን ንግግር እጀምር ነበር። ማርሊን ግን ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ጠረጴዛው ላይ ካለው ቂጣ ቆርሳ በላች፤ ለእኔም ትንሽ ሰጠችኝ። የእኛን ኬክ ቤት ቦምቦሊኖ ይመስላል፤ ሲበሉት ደስ ይላል፤ ስኳርን እንዴት እንደሚያወጣም አይጠፋኝም።

"እኔ አራት ተሸክሜ ሦስት አሳደግሁ" አለች ማርሊን፣ የአየሩን ሁኔታ እንደሚናገር ሰው። "ሁለተኛዋ ሴት ነበረች። ሆዴ ትልቅ ነበርና ሁሉም ደስ ብሎት ይዳስሰው ነበር። ስኳር ነው ያለኝ ሰው የለም። ይህን በየቤቱ የምናገረው ሴቶች ልጆቼ ከወረቀት ላይ አንብበው እንዳያውቁት ብዬ ነው። ቂጣሽን አልወስድብሽም፣ ሼሪ። ትንሽ ትቆርሺዋለሽ፣ መርፌውን ትወጊዋለሽ፣ ዓርብ ትመጫለሽ።"

ሼሪ ጥቂት ቆይታ ወደ እኔ ዞረች። "አንቺስ? ልጅ አለሽ?"

"ሴት ልጅ። እሷም እርጉዝ ናት።"

"ስኳሯ ደህና ነው?"

"አላውቅም" አልኩ። በጉዞዬ ሁሉ ስለ ሐና የተናገርኩት የመጀመሪያው እውነት ይህ ነው።

መኪና ውስጥ ማርሊን ቁልፉን ሳታዞር ተቀመጠች። "አዋላጅ ነሽ። የልጅሽን ስኳር እንዴት አታውቂም?"

ሁሉንም ነገርኳት። ቡሬን፣ አራት ኪሎ ተኩሉን፣ ባሕር ዛፉን፣ በሐና ቦርሳ ውስጥ ያለውን ወረቀት። በእንግሊዝኛ ስለነበር ቃላቱ አነሱኝ፤ ምናልባት በአማርኛ ቢሆን አይወጣኝም ነበር። ስጨርስ ማርሊን "ሁለት" አለች። የሰኞውን መልሴን ማረሟ ነው። አለቀስኩ። ለዚያ ልጅ ያለቀስኩት ያን ቀን ነው፣ ኦክላንድ ላይ፣ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ፣ የሰው አገር ሰው አጠገብ።

"ለእኔ መንገርሽ ምን ይጠቅማል?" አለችኝ በመጨረሻ። "መስማት ያለባት እሷ ናት።"

ሐሙስ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፤ ማርቆስ ላይ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። በእትዬ ጽጌ ወጥ ቤት ቆሜ በቴሌግራም ደወልኩ። ሐና አነሳች። ዓይኔን ጨፍኜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገርኩ፤ ወንድም ነበረሽ ከሚለው ጀምሬ ደሙን ተመርመሪ እስከሚለው። ዓይኔን ስገልጥ የሐና ፊት ስክሪኑ ላይ አፉን ከፍቶ ደርቋል። መስመሩ ከመጀመሪያው ደቂቃ ተቋርጦ ኖሯል። ቁጭ ብዬ ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ? ሃያ ስድስት ዓመት የቆየ ነገር በኔትወርክ መቋረጥ ምክንያት ሁለት ጊዜ መነገር ነበረበት።

ሁለተኛውን አሳጠርኩት። "ሐናዬ፣ ከአንቺ በፊት ወንድ ልጅ ወልጄ ነበር። ትልቅ ነበር፤ ሞቶ ነው የተወለደው። ያኔም ስኳር እንደነበረብኝ ነው የማምነው። አንቺም ሊኖርብሽ ይችላል። ነገ ጠዋት ሳትበይ ሂጂ።"

ለረጅም ጊዜ ድምፅ አልነበረም። ይኼም ተቋረጠ ብዬ ነበር።

"የት ነው የተቀበረው?" አለች።

"ቡሬ፣ ከተከራየንበት ቤት ጓሮ።"

"መናኸሪያ ላይ ጠየቅሁሽ እኮ፣ እማዬ። ዓይን ዓይኔን እያየሽ ነው የለም ያልሽኝ።"

"አዎ።"

"እሄዳለሁ" አለችና ዘጋችው። ሁልጊዜ "ቻው እማምዬ" ሳትል አትዘጋም። ባቡሩ ውስጥ በዚያ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ዓርብ። ስነሳ መልእክቷ ደርሷል፦ "በጣም ከፍ ብሏል። የአንቺ ሆስፒታል አስተኙኝ።" ሌላ ቃል የለውም። ብደውል አታነሳም። ያን መልእክት የደጋገምኩትን ያህል በሕይወቴ ምንም ነገር ደጋግሜ አንብቤ አላውቅም። አሥራ አራት ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቄ የሌላ ሰው ወጥ ቤት ውስጥ በባዶ እግሬ ቆሜያለሁ፤ ስንት አዋልጄ የገዛ ልጄ አልጋ አጠገብ ግን የለሁም።

እትዬ ጽጌ ለሥራ ለብሰው ከክፍላቸው ወጡ። ፊቴን አዩ፤ ስልኩን ተቀብለው አነበቡ። ጫማቸውን መልሰው አወለቁ።

"ኮል ሲክ አደርጋለሁ፤ አሞኛል እላቸዋለሁ" አሉ።

"ኧረ እትዬ፣ ሥራዎን እንዳያስቀርብዎት።"

"ሠላሳ ዓመት አንድ ቀን ቀርቼ አላውቅም። ይኼ ይሁን። ክሊኒክሽ ድረስ ድራይቭ አድርጌ እወስድሻለሁ፤ ስትጨርሺ እመልስሻለሁ።"

ቀኑን ሙሉ የክሊኒኩ መጠበቂያ ወንበር ላይ ነጠላቸውን ደርበው ተቀመጡ። አልመከሩኝም፣ አላጽናኑኝም፤ ባለፍኩ ቁጥር ግን ቀና ይላሉ። ከሰዓት በኋላ ሼሪ መጣች፤ መርፌውን ቦርሳዋ ውስጥ ይዛለች። ማርሊን ከመዝገቧ ቀና ብላ በአገጯ ብቻ ጠቆመችኝ። ስሰናበታት ስለ ሐና ነገርኳት። "አሁን ታውቃለች" አለችኝ። እኔ የምጠብቀው አይዞሽን ነበር፤ ለካስ ከዚያ ይልቅ ይህ ይጠቅመኝ ኖሯል።

ሰኞ። ከማርቆስ መናኸሪያ ሻንጣዬን እየጎተትኩ በቀጥታ ሆስፒታል ገባሁ፤ ጭቃው እንደተውኩት ነው። ሐና በስተመስኮት በኩል ባለው አልጋ ላይ ተደግፋ ተቀምጣለች። ኢንሱሊን ጀምራለች፤ የፅንሱ የልብ ምት ደህና ነው። ይህን የነገረችኝ እኔ ራሴ ያሠለጠንኳት ነርስ ሰናይት ናት። ሐና ወደ እኔ አላየችም። እኔም ልሳማት ወይስ ልተው እያልኩ አልጋው ጫፍ ላይ ቆምኩ።

ሰናይት ዓርብ በጥድፊያ ያልተሞላውን የቤተሰብ ታሪክ ልትሞላ ካርዱን ገለጠች። ያቺ ወረቀት ከእኔ ወረቀቶች አንዷ ናት፤ ጥያቄዋን በቃሌ አውቃለሁ። "እናትሽ ስንት ወለዱ?" ብላ ሳትጨርስ ትንሽ አፍራ ወደ እኔ ዞረች፤ መልሱን ድሮ የሰማችው ይመስላታልና "አንድ" ብላ ልትጽፍ እስክሪብቶዋን አወረደች።

"ሁለት" አለች ሐና። "ወንድና እኔ።"

ሰናይት ጻፈችው። ሐና ያኔ ቀና ብላ አየችኝና እግሯን ሰብስባ አልጋው ላይ ቦታ ለቀቀችልኝ።

"ተቀመጪ እንጂ፣ እማዬ። ከመንገድ ነው የመጣሽው።"